ሞላና ዘይት

በሞተር ብስክሌት ፊት፣ ከመሪው ሥር ተነሥቶ የፊተኛውን መንኰራኵር ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚይዘውን ባለሁለት እግር ብረት ሰው ሁሉ ሹካ ይለዋል። ስሙ ከገበታ የተወሰደ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ይህ የፈረንጆች ስም የተወለደበት ፉርካ የተባለው የላቲን ቃል አስቀድሞ የገበሬ መሣሪያ መጠሪያ የነበረ ስለ ሆነ፣ ስም የማውጣት ሥልጣን ቢኖረኝ ኖሮ በአውድማ ላይ ገለባ የምናነሣበትን መንሽ በመረጥሁ ነበር። ይሁን እንጂ አገር ሹካ ካለው እኔም ሹካ እላለሁ። ልጽፍ የተነሣሁት በዚህ ብረት ሆድ ውስጥ ከዓይን ተሰውሮ ስለሚኖረው ጥቂት ዘይት ጥንተ ነገር ነው፤ ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ለዚህ ሐተታ ምክንያት የሆነኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ በእኅቴ ቤት እንግዳ ሆኜ ሳለሁ፣ 11 ዓመት የሞላው ይህ ልጅ፣ አባቱ ከአንድ ጎረቤት በርካሽ የገዛለትን፣ በ1980ዎቹ የተሠራ ሆንዳ ኤክስ አር 80 የተባለ ትንሽ የአቧራና የኮረብታ ሞተር ብስክሌት እየገፋ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፊቱ እንደ ፍየል ይዘልብኛል» ሲል አቤት አለኝ። እኔ ከመጽሐፍ ያለፈ የሞተር ዕውቀት የለኝምና ወደ አባቱ መራሁት። አባቱ በወጣትነቱ በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ አንድ ጊዜ በኃይል ቢጫነው፣ ፊቱ ወርዶ ተመለሰ፣ ተመልሶም እንደ ገና ወረደ፣ ሦስት ጊዜ ያህል ከተወዛወዘ በኋላ ቆመ። «ሞላው ደኅና ነው፤ ዘይቱ ግን ሞቷል» አለ። ነገሩን በዚያው ባለፈው ነበር፤ እኔ ግን ዘይት ከሹካ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደ ገባ ለማወቅ ስለ ፈለግሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ።

በጥንት ጊዜ ሹካው ሞላም ዘይትም አልነበረውም። ጎትሊብ ዳይምለርና ዊልሄልም ማይባኽ በ1885 በጀርመን አገር በካንሽታት የሠሩት፣ የሞተር ብስክሌት ሁሉ አባት የሚባለው መሣሪያ፣ አካሉ እንጨት፣ መንኰራኵሩም ብረት የታሰረበት እንጨት ነበር፤ የዳይምለር ልጅ ፓውል በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ኡንተርቱርክሃይም በነዳው ጊዜ መንገዱ የሰነዘረውን ምት ሁሉ አንዳች ሳይቀነስለት በጀርባ አጥንቱ ተቀብሏል፤ ከዚያም አልፎ ሞተሩን የሚያቀጣጥለው የጋለ ቱቦ ከሥሩ ስለ ነበረ ኮርቻው በእሳት እንደ ተያያዘበት ይነገራል። ከዚህ በኋላ በ1888 በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር ለሚነፋው ጎማ የባለቤትነት ማረጋገጫ አወጣ፤ ለዚህ ያነሣሣውም የትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ ንጣፍ ላይ መንገጫገጩ ነበር። በዚህ ታሪክ መግቢያ ላይ የተገኘው ሕፃን ከመካከሉ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ኖሮ ወደ ኋላ እንደ ገና ብቅ ስለሚል፣ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

አየር ብቻውን ባልበቃ ጊዜ ብልሃተኞች ፊታቸውን ወደ ሞላ መለሱ። አልፍሬድ አንገስ ስኮት የተባለው የዮርክሻየር ሰው በ1908 በወጡት ሞተር ብስክሌቶቹ ላይ፣ እንደ መርከበኛ መነጽር አንዱ ቱቦ በሌላው ቱቦ ውስጥ እየገባ እየወጣ የሚሠራ ባለሞላ ሹካ ገጠመ፤ ነገር ግን ዘመነኞቹ አብዛኞቹ ይህን ትተው፣ ከዘንግና ከመጋጠሚያ የተቀነባበረ፣ በመካከሉ አንድ ትልቅ ሞላ የተሰካበት ሹካ መረጡ፤ ይኸው ሹካም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአውሮፓ መንገድ ላይ ነገሠ። እንክብካቤው ሁሉ በውጭ የሚታይ ነበር፤ ነጂው በየመጋጠሚያው ግራሶ ይሞላል፣ ሲላላበት ያጠብቃል፣ ጭርጭር ሲልበትም ዘይት ያንጠባጥባል። ይህን የምለው በኋላ ከመጣው ስውር ሥርዓት ጋር እንዲነጻጸር ነው።

የሞላ ባሕርይ፣ የተቀበለውን ከሞላ ጎደል ሳያስቀር መመለስ ነው። ድንጋይ ሲመታው ይጨመቃል፤ ተጨምቆም የምቱን ኃይል ያከማቻል፤ ያከማቸውን ደግሞ ወዲያው ይተፋዋል፤ ተፍቶም አያበቃም፣ ከልኩ በላይ ይዘረጋና እንደ ገና ይሰበሰባል፤ እንዲህ እያለ በራሱ ጊዜ እስኪደክም ይወዛወዛል። መንኰራኵሩም በተወዛወዘ ቍጥር መሬትን ይለቃል፤ መሬትን የለቀቀ መንኰራኵር ደግሞ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝም። ስለዚህ ሞላው የነጂውን ወገብ ሲያሳርፍ አደጋን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው እንጂ አላስወገደውም። ይህን ለማረም አስቀድሞ የተፈለገው መድኃኒት ሰበቃ ነበር፤ በሹካው መጋጠሚያ ላይ ክብ ክብ ዝርግ ነገሮች ተደራርበው፣ ነጂው በእጁ በሚያዞረው ጉልላት እየተጠበቁ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። ሰበቃ ግን ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለመነቃነቅ ሲለምኑት እንቢ ይላል፣ አንድ ጊዜ ከተነቃነቀ በኋላ ግን እጁን ይሰጣል፤ ለጠጠሯ ግትር፣ ለጉድጓዱ ልል ይሆናል ማለት ነው።

ዘይት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የአንጥረኛን ወናፍ ቀስ አድርጎ የተጫነ ሰው ነፋሱ በጠባቧ አፍ በኩል ያለ ጭንቅ ሲወጣ ይሰማዋል፤ በድንገት በኃይል ቢጫነው ግን ወናፉ ራሱ ክንዱን ይገፋዋል። ዘይትም በብረት ውስጥ በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ በኩል እንዲያልፍ ሲገደድ እንዲሁ ያደርጋል፤ ለዝግተኛው ዝግተኛ፣ ለችኩሉ ብርቱ ነው፤ በእንዲህ ያለችው ቀዳዳ የሚያልፍበት ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን የተቀበለውን ኃይል እንደ ሞላ አለመመለሱ ነው፤ የድንጋዩ ምት በዘይቱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል፣ ሙቀቱም ወደ ቱቦው ብረት ተላልፎ ለነፋስ ይሰጣል። ከአቧራማ ቁልቁለት በወረደ ሞተር ብስክሌት ሹካ ላይ መዳፉን ያሳረፈ ሰው ለብ ብሎ የሚያገኘው፣ መንገዱ ላይ የቀሩትን ጉድጓዶች ነው።

ይህ ዕውቀት ከነጂው ደጃፍ የደረሰው በ1930ዎቹ ነው። በዴንማርክ አገር ፊስከርና ኒልሰን የተባለው፣ ከቤት አቧራ የሚስብ መሣሪያ በመሥራት የታወቀው ኩባንያ፣ ኒምቡስ በሚባለው ሞተር ብስክሌቱ ላይ በ1934 ቱቦ በቱቦ የሚገባበትን ሹካ ገጠመ፤ ዘይት የሚያረግበው ግን እስከ 1939 ድረስ አልነበረም። በመካከሉ፣ በ1935፣ ቢ ኤም ደብሊው አር 12ና አር 17 የተባሉትን ሁለት ሞተር ብስክሌቶች በበርሊን ትርኢት ላይ አቀረበ፤ ሞላውንና ዘይቱን በአንድ ቱቦ ውስጥ አጋብቶ በብዛት ለሽያጭ ያወጣ መጀመሪያው እርሱ ነው። የእነዚህ የከበሩ መሣሪያዎች የኋላ መንኰራኵር ግን ያለ አንዳች ሞላ በድርቁ ከአካሉ ጋር የታሰረ ነበር፤ ፊቱ ሠልጥኖ ጀርባው እንደ ዳይምለር ዘመን ቀረ፤ ለኋላው ሞላ የተጨመረለት በ1938 በወጡት ታናናሾቹ ላይ ነው።

ዘይትን በሚንቀሳቀስ ብረት ውስጥ ማኖር ራሱን የቻለ ጭንቅ ነበር፤ ቱቦው ይወጣል ይገባል፣ ዘይቱም አብሮት ሊወጣ ይሻል። በዚህ ነገር የቆዳ ፋቂዎች እጅ እንዳለበት ሳነብ ደስ ብሎኛል። በጀርመን አገር በቫይንሃይም የነበረው የፍሮይደንበርግ የቆዳ ፋብሪካ በ1929 ለሚሽከረከሩ ዘንጎች ከቆዳ የተሠራ የዘይት ማገጃ ማውጣት ጀመረ፤ በ1930ዎቹም ቆዳው ቦታውን ሰው ሠራሽ ለሆነው ጎማ እየለቀቀ ሄደ። ዛሬ በሹካ አንገት ላይ የምትገኘው፣ ዋጋዋ ከቁርስ የማይበልጠው ጥቍር የጎማ ቀለበት የዚያ የቆዳ ማገጃ ዘመድ ናት፤ እርሷ ከተቀደደች የሹካው ነገር ሁሉ ያበቃል።

የቀረውን ጦርነት አዳረሰው። በለንደን በፕላምስቴድ የነበረው የማችለስ ፋብሪካ በ1941 ለእንግሊዝ ሠራዊት ያወጣው ባለ350 ሲሲ ጂ 3 ኤል፣ ቴሌድሮሊክ ተብሎ የተሰየመውን ባለዘይት ሹካ ይዞ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፤ መልእክተኛው ወታደርም የቦምብ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ጥቅሙን በሥጋው መሰከረ። ከጦርነቱ በኋላ ትራያምፍና ኖርተን ተከተሉ፤ በአሜሪካም ሃርሊ ዴቪድሰን በ1949 አዲሱን ሞዴሉን ሃይድራ ግላይድ ሲለው፣ የስሙ እኩሌታ የተቀዳው ከሹካው ውስጥ ፈሳሽ ነው። በ20 ዓመት ውስጥ የዘንግና የመጋጠሚያው ሹካ ወደ ሙዚየም ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእኛም አገር ይህ ብልሃት ሲደርስ ስሙን ይዞ የመጣው ከጣልያኖች ጋር ነው። የእኅቴ ባል ሥራውን ሲሠራ ከአፉ የሚወጡት ቃላት፣ ሞላ፣ ጎማ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ አሞርዛተር፣ ሁሉም የጣልያን ልጆች ናቸው። በካሊፎርኒያ ተወልዶ ያደገው ልጅ ግን እነዚህን አማርኛ ናቸው ብሎ ከአባቱ ተምሯቸዋል፤ እኔም አላረምሁትም፤ የእጅ ሥራ ሰዎች አፍ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ቃል ዜግነቱን አግኝቷል።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ታላላቆቹ ሞተር ብስክሌቶች በዘይት ላይ ሲንሳፈፉ፣ ታናናሾቹ ገና በዳይምለር ሕግ ሥር ነበሩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ አባቶች በየግቢያቸው ቱቦ በየዳ አያይዘው፣ የሣር ማጨጃ ሞተር ጭነው ለልጆቻቸው የሚሠሩት ትንሽ ሞተር ብስክሌት፣ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይም መካኒኮች ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚመላለሱበት፣ ሹካው ደረቅ ብረት ነበር። በጃፓን ደግሞ ሆንዳ በ1961 ከቶክዮ ወጣ ብሎ ታማ ቴክ በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ ለሚመጡ ልጆች መጫወቻ የሚሆን፣ ዜድ 100 የተባለ ባለ49 ሲሲ መሣሪያ ሠራ፤ መንኰራኵሩ 5 ኢንች ብቻ ነበር፣ ሞላም አልነበረውም። ትልቅ ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ ወደ ጆሮው ስለሚወጣና ጦጣ ስለሚመስል ስሙ ጦጣ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። በ1967 መሪው ታጥፎ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚገባው ዜድ 50 ወጣ፤ እርሱም ደረቅ ነበር። ከዚያ በ1968 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውና ሚኒ ትሬል የተባለው፣ መንኰራኵሩ ወደ 8 ኢንች አድጎ፣ ሹካው ውስጥም ሞላ ገባለት፤ የሚያለሰልሰው ግን ግራሶ ነበር እንጂ ዘይት አልነበረም።

በዚህች ሞላና ግራሶ ብቻ ባላት ትንሽ ነገር ላይ የተፈጸመ አንድ በጎ ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። በ1969 በሎስ አንጀለስ የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ከፍርድ ቤት ፊት የቆሙ፣ ከትምህርት ቤትም የራቁ ልጆችን በእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ሰብስቦ ሥነ ሥርዓት የሚያስተምርበትን ማኅበራዊ ሥራ ጀመረ፤ ሆንዳም በሺህ የሚቆጠሩትን በስጦታ ሰጠ። ልጁ መንዳት የሚፈቀድለት የገባውን ቃል ሲጠብቅ ነበር። ይህን ያህል ቍጥር ያላቸው ወጣቶች ቁልፍ ይዘው ቡሎን መፍታት የተማሩበት ሌላ ሥፍራ በዚያ ከተማ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በ1973 የወጣው ሆንዳ ኤክስ አር 75 ግን ነገሩን ለወጠው። ሞተሩ 72 ሲሲ ብቻ ይሁን እንጂ ሲያዩት የታላላቆቹ አምሳል ነበር፤ ሹካውም ሞላና ዘይት የተጋቡበት እውነተኛ ሹካ ነበር። ቢ ኤም ደብሊው ያንን ብልሃት በበርሊን ካሳየ 38 ዓመት ማለፉ ነው። የእኅቴ ልጅ ሞተር ብስክሌት በቀጥታ ከዚህ ዘር የወረደ ነው፤ ኤክስ አር 80 በ1979 ተክቶት ለ25 ዓመት ያህል ሲሠራ ኖሯል። ከዚህም ጋር አዲስ ግዴታ በልጅ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ የሹካን ዘይት መለወጥ።

ይህ ግዴታ የሚረሳበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሞተር ዘይት ሲያልቅ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ይቆማልም፤ የሹካ ዘይት ግን በጨለማ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሞት የሚያሰማው ድምፅ የለም። ብረት ከብረት እየተፋተገ የሚያወጣው ብናኝ፣ በማገጃው ሥር የሰረገ ውኃና አቧራ ይደባለቁበታል፤ ዘይቱም ይቀጥናል፣ ይጠቍራል፣ ቀዳዳዋንም ሳይከራከር ያልፋል። ነጂው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚለምደው የተበላሸ አይመስለውም። የድሮው ሹካ ጉድለቱ በውጭ ስለ ነበረ ባለቤቱን ያሳፍረው ነበር፤ የአሁኑ ምቾቱን ስለ ሰወረ ስንፍናችንንም አብሮ ሰወረልን።

የእኅቴ ባል የልጁን ሹካ ዘይት ሊለውጥ በተነሣበት ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ያየሁት እንደሚከተለው ነው። አባትየው ሞተሩን ከሥሩ በእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጦ ፊቱ ከመሬት እንዲነሣ አደረገ፤ ከሁሉ አስቀድሞም፣ እግሮቹ ገና በማሰሪያቸው ጠብቀው ሳሉ፣ በአናታቸው ላይ ያሉትን ሁለት ክዳኖች በትንሹ አላላቸው፤ እግሩ ከወጣ በኋላ በእጅ ይዞ ክዳኑን መፍታት ሰውን የሚያታግል ነውና። ከዚያ ፍሬኑን፣ መንኰራኵሩን፣ ማሰሪያዎቹን ፈትቶ አንዱን እግር ወደ ታች ስቦ አወጣው። ክዳኑን ሲከፍት በመዳፉ ተጭኖ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሞላ ሊፈናጠር ይችላልና ልጁን «ፊትህን ዞር አድርግ» አለው። ሞላው እየተንጠባጠበ ወጣ። ቱቦውንም ገልብጦ በአሮጌ የቡና ቆርቆሮ ላይ ያዘውና፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያስገባ እያስወጣ እንደ ወናፍ ነፋው።

የወጣው ነገር ዘይት ነው ለማለት ይከብዳል። ግራጫ ነበር፤ በፀሐይ ላይ ሲያዘነብሉት እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ይታይበት ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ ያሽትቱት» ብሎ ቆርቆሮውን ሰጠኝ፤ እንደ ቆየ የዓሣ ውኃ ይሸት ነበር። ከግራው እግር የወጣው ከቀኙ እግር እኩሌታ አይሞላም፤ በማገጃው በኩል እየሰረገ ስንት ዓመት ሲያልቅ ኖሯል! ሁለቱንም ማገጃዎች ለወጠ፤ ቱቦዎቹንም በላምባ አጠባቸው።

አዲሱን ዘይት ልጁ ራሱ ለካ። ከእያንዳንዱ እግር የሚገባው ከአንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም፤ መመሪያው የሚለውን ያህል በልኬት ዕቃ ቀድቶ በቀጭኑ አፈሰሰ። በ1970ዎቹ በወጡ ብዙ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች መመሪያ መጻሕፍት ላይ ለሹካ የታዘዘው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስለ ነበር፣ አባትየው ያንኑ ቀይ ዘይት ይወድ ነበር፤ ልጁ ግን ለሹካ ተብሎ የተሠራውን መርጦ ነበርና የእርሱ ቃል ጸና። ካፈሰሰ በኋላ አየሩ እንዲወጣ ቱቦውን ደጋግሞ ሳበው፤ መጀመሪያ እንደ ባዶ ይንሸራተት የነበረው ከአምስትና ከስድስት ጊዜ በኋላ ሲከብድ ተሰማው፤ ፊቱም በራ። ከዚያ ሞላውን ከመመለሱ በፊት፣ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ጨምቆ፣ ከአፉ እስከ ዘይቱ ገጽ ያለውን ርቀት በማስመሪያ በሚሊሜትር ለካ፤ ሁለቱም እግሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ በዘይቱ ላይ የሚቀረው አየር ራሱ ሲታመቅ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራልና፣ ቢለያዩ አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ይደነድናል።

ሁሉ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ አባትየው መሪውን እንደ ፊተኛው በኃይል ተጫነው። ወረደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የታናናሾቹ ሞተር ብስክሌቶች ነገር ብዙ ተለዋውጧል፤ በ2000ዎቹ ትላልቅ ሰዎች በልጅ ሞተር ብስክሌት መዝለልን ጨዋታ አድርገውት፣ የቻይና ፋብሪካዎችም የጦጣውን ሞተር እየቀዱና እያሳደጉ፣ እግራቸው ወደ ላይ የተገለበጠ ወፍራም ባለዘይት ሹካ ያላቸውን በብዛት ለዓለም አውጥተዋል። ስለዚህ ለልጁ የገዛውን ትንሽ ሞተር ብስክሌት ሹካ ሊፈታ የተነሣ አንባቢ ዘይት ከመግዛቱ በፊት የያዘው የትኛው ዘር እንደ ሆነ ይመልከት፤ ኤክስ አር 80ንና ወገኖቹን ከያዘ ዘይቱን ይለውጥ፤ ዜድ 50ን የተካውን፣ ሆንዳ ዛሬም ለሕፃናት የሚሸጠውን ባለ50 ሲሲውን ከያዘ ግን፣ በቱቦው ውስጥ የሚያገኘው እንደ 1968ቱ ሞላና ግራሶ ብቻ ነው።